ንድፈ ሐሳብ እስከ መቼ በውሰት?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚጻፉ የማኅበራዊ ሳይንስ የመመረቂያ ጽሑፎችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከባሕር ማዶ የመጣ ንድፈ ሐሳብ ይዘረዘራል፤ ቀጥሎ በመጠይቅ የተሰበሰበ መረጃ ይደረደራል፤ በመጨረሻም ግኝቱ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር «ይስማማል» ተብሎ ይደመደማል። መረጃው ንድፈ ሐሳቡን የሚሞግትበት ጥናት ግን ብርቅ ነው። ተማሪው «የማንን ንድፈ ሐሳብ ተጠቀምክ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «ንድፈ ሐሳቡ ምኑን ማስረዳት ተሳነው?» የሚለው እምብዛም አይደል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ የተለመደው ማብራሪያ «ዝናብ ጠፋ፣ እህል አነሰ» የሚል ነበር። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሀብ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ማብራሪያ ከመረጃ ጋር አፋጠጠው። በአገር አቀፍ ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም ነበር፤ የደሴ ገበያ ዋጋም እልቂቱን በሚመጥን ደረጃ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚጫን እህል ነበር።

እንግዲህ ሰው ለምን ሞተ? ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸምትበት አቅምም አብሮ ጠፋ፤ ገበያ ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ሰው ረሀብ አይሰማም። የአፋር አርብቶ አደርም ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈው ከብትም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወረደ። ሴን የወሎን እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል ከደረሰው ረሀብና ከሌሎችም ጋር አነጻጽሮ፣ ረሀብ እህል የማግኘት አቅምና መብት ሲነጠቅ የሚመጣ መሆኑን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አዳበረ። ልዩነቱ የቃላት አይደለም። ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ ከሆነ መፍትሔው እህል ማጓጓዝ ነው፤ የመግዛት አቅም መጥፋት ከሆነ ግን በጊዜው የደረሰ ጥሬ ገንዘብም ነፍስ ያድናል።

የሚያስቆጨው፣ ለዚህ ንድፈ ሐሳብ ጥሬ ዕቃውን ካቀበሉት አንዱ የእኛው ወሎ መሆኑ ነው። ይሁንና ከእኛም መካከል መንገዱን ያሳዩ አልታጡም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በመረመረው ሥራቸው፣ የረሀብን ሥር ከሰማይ ሳይሆን ገበሬውን ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ካሰረው የአመራረት ሥርዓትና ከተጫነው አገዛዝ ውስጥ ፈለጉት። ኤርትራዊው ምሁር አስመሮም ለገሰም እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ የቦረናን ገዳ በአንድ መነጽር ብቻ መመልከትን ትቶ በሦስት አቀራረቦች መረመረው።

ይህን ስል በራችንን ለውጭ ዕውቀት እንዝጋ ማለቴ አይደለም። «አገር በቀል» የሚል ማኅተም የተመታበት ሁሉ ንድፈ ሐሳብ አይሆንም። ንድፈ ሐሳብ ከተወለደበት መንደር ወጥቶ በሌላ አገር ሊፈተን፣ ሊሸነፍም ይገባዋል። የሴንም ሐሳብ ክብደት ያገኘው ከወሎ እስከ ቤንጋል ስለተፈተነ ነው፤ ተቺዎችም አላጣም።

በእኔ እምነት ጅማሬው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የመረጠው ንድፈ ሐሳብ ሊያስረዳው ያልቻለውን አንድ ግኝት በጽሑፉ እንዲያሳይ ይጠየቅ፤ ፈታኞችም ለዚያ ገጽ ዋጋ ይስጡት። ዛሬ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር አልገጥም ያለ መረጃ «የአሰባሰብ ስሕተት» ተብሎ ሲሰረዝ አዲሱ ሐሳብ አብሮ ይሰረዛል። በሰው ወርቅ አይደምቁም፤ የራሳችን ወርቅ ግን ገና ከጥሬ መረጃችን ውስጥ ተቀብሮ ቆፋሪ ይጠብቃል።