ትንሣኤ በዘመድ

በአሜሪካ የግዛት ምክር ቤቶች የፈረሰን ማኅበር በስሙ ልዩ ሕግ አውጥቶ ሕጋዊ ሰውነቱን መመለስ እንግዳ ነገር አይደለም። ማኅበሩ የተማሪ ወላጆች ሲሆን ማን ይቃወማል? እኔ እቃወማለሁ። እንዲህ ያለው ሕግ የሚያስነሣው በምክር ቤቱ ወዳጅ ያለውን ብቻ ነውና።

በሽታው ሳያስጠነቅቁ መሰረዝ ነው፤ የፌዴራሉ የግብር ሕግ ምስክር ይሁነኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ድንጋጌ ሦስት ተከታታይ ዓመት ሪፖርት ያላቀረበ ማኅበር ከግብር ነጻ የመሆን መብቱን እንዲያጣ አዘዘ። በ2011 ወደ 275,000 ማኅበራት ተሰረዙ። አብዛኞቹ ቀድሞውኑ የከሰሙ ናቸው ተባለ፤ ሕያዋኑስ? ከመሰረዝ በፊት፣ ሁለት ዓመት ዝም ላለ ማኅበር ማስጠንቀቂያ ይላክ የሚለው ግዴታ የመጣው በ2019 ነው፤ 13 ዓመት ዘግይቶ!

የወላጆች ማኅበርን ሒሳብ የሚይዘው ያለ ደመወዝ የሚያገለግል፣ ልጁ ሲመረቅ የሚሰናበት ወላጅ ነው። ለእርሱ በጊዜው የምትደርስ አንዲት ደብዳቤ ከሞት በኋላ ከሚረቀቅ ሕግ ትበልጣለች፤ ዘመድ ላለውም ለሌለውም እኩል ትደርሳለችና።