አበባው ያበበበት ዓመት



በመስከረም ከጋሸና ወደ ላሊበላ የተጓዘ ሰው ያን መንገድ አይረሳውም። ተዳፋቱ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ የማሳው ዳር፣ የካቡ ሥር፣ ፍየል እንኳ የማይደፍረው ገደል ሳይቀር። በግንቦት ያው መሬት አመድ መስሎ ነበር። ንቦቹም ይህን ወቅት ይጠብቃሉ፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚሁ አበባ ብዙ የተቀሰመበት ነው። (የከተማዋ ስም የሆነው ንጉሥ ራሱ ሲወለድ ንቦች ከበቡት ተብሎ አይደል የሚተረከው?)

እኔም እንደ ብዙ ሰባኪ በመስከረም ኢሳይያስ 35ን እከፍታለሁ፤ ምድረ በዳው ደስ እንደሚለው፣ በረሃው እንደሚያብብ የሚናገረውን ክፍል። አደይን በመስኮት እያሳዩ ለመስበክ ከዚህ የሚመች ቃል የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አደይ አልበቃኝም። በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ጉባኤን አያስደንቅም አልኩና ከኢንተርኔት አንድ ፎቶ አወረድሁ። ሰሜናዊ ቺሊ የሚገኘው የአታካማ በረሃ ነው፤ በዓለም ላይ ካሉት ደረቅ ስፍራዎች አንዱ። ለዓመታት ጠብታ የማያዩ ቦታዎች አሉበት። አልፎ አልፎ፣ ዝናብ ሲያገኝ ብቻ፣ ከ200 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች ከአሸዋው ይወጡና አገሩ ሐምራዊ ምንጣፍ ይመስላል። ፎቶውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራሁት። "ዘንድሮ ያንተ ምድረ በዳ ያብባል! የከፍታ ዘመንሽ ነው!" አልኩ። አሜኑ ጣራውን ነቀነቀው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከፕሮግራሙ በኋላ ከገጠር የሚመጡ አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ።

"ፓስተር፣ ያ አበባ የታየው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?"

"በ2008 ጥቅምት ላይ ነው፣ አባባ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "በዚያ ዓመት እኛ ዘንድ ጤፉ ሳያሸት ነው የደረቀ። አንዱን በሬ የሸጥሁበት፣ ለዘር ያስቀመጥሁትን ገብስ የበላንበት ዓመት ነው" አሉኝ። አልተቆጡም። እጄን ጨብጠው "እግዚአብሔር ይባርክህ" ብለው መንገዳቸውን ጀመሩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝና ማንበብ ጀመርሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቃዊና መካከለኛ ክፍል ከልክ በላይ የሚሞቅበት ጊዜ አለ፤ ኤልኒኖ ይሉታል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የነበረው እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ከባዶቹ አንዱ ነው። ያ ሙቀት አታካማን ዝናብ ሲሰጠው፣ የእኛን የክረምት ዝናብ አዳከመው። ሰሜን ወሎ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚሻው ሕዝብ ቁጥር በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። እኔ የተስፋ ምልክት አድርጌ ግድግዳ ላይ ያበራሁት አበባና የእኚያ አባት የደረቀ ጤፍ ከአንድ የአየር ጠባይ የመጡ ነበሩ።

ቺሊም ቢሆን አበባው እንዲሁ በነጻ አልመጣም። በ2007 ዓ.ም. መጋቢት በዚያው በረሃ የወረደው ዝናብ መጀመሪያ ጎርፍ ሆኖ ነው የመጣ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ፎቶው ይህን አያሳይም።

ታዲያ እግዚአብሔር ቺሊን ባርኮ ላስታን ረገመ እንበል? ሎቱ ስብሐት! ጌታችን አባቱ በጻድቁም በኃጥኡም ላይ እንደሚያዘንብ በማቴዎስ 5 አስተምሮናል። ችግሩ ከእኛ ስብከት ነው። "ዘንድሮ ያብብልሃል" ስንል፣ ያላበበለት ሰው ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ? "እምነቴ አንሶ ነው" ብሎ ይሄዳል። እኚያ አባት ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ካላቸው ላይ አሥራት ያወጣሉ። ዝናብ የከለከላቸው የእምነት ጉድለት አልነበረም። ይህን በመድረክ ላይ ቆመን ካልነገርናቸው፣ በድርቁ ላይ ኩነኔ ጨምረንላቸዋል ማለት ነው። የብልጽግና ወንጌልን በስሙ የምንቃወም ብዙዎች በመስከረም ስብከታችን እናስገባዋለን። አንዱ እኔ ነበርሁ።

ወደ ኃይለ ቃሉ ተመለስሁ። በኮሌጅ ሳለሁ ያለፍኩት አንድ ነገር አገኘሁ። በቁጥር 1 ላይ "ጽጌ ረዳ" ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃል በብሉይ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ሁለተኛው በመኃልየ መኃልይ 2 ነው። ብዙ ሊቃውንት ጽጌ ረዳ ሳይሆን እንደ ሽንኩርት ራስ ያለው፣ ከአፈር ሥር የሚከርም የሜዳ አበባ ነው ይላሉ። በበጋ ብታዩት ባዶ መሬት ነው።

ከዚያ በላይ የገረመኝ የቀጣዩ ቁጥር ነገር ነው። ነቢዩ አበባውን ካሳየ በኋላ እንደ እኛ "አሜን በሉ" አይልም። ወዲያው በቁጥር 3 የደከሙ እጆችን እንድናበረታ፣ የሚብረከረኩ ጉልበቶችን እንድናጸና ያዝዛል። በተስፋውና በፍጻሜው መካከል የሚሠራ ሥራ አለ። እኔ ለዓመታት ቁጥር 2 ላይ ነበር የማቆመው።

የበረሃው ዘርም ራሱ ከእኔ ስብከት ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ብዙዎቹ የበረሃ ዘሮች እንዳይበቅሉ የሚከለክላቸው ነገር በሽፋናቸው ላይ አለ፤ እሱን አጥቦ የሚያወርድ በቂ ዝናብ ካልመጣ በካፊያ አይታለሉም። በቂ ዝናብ ቢመጣም ሁሉም አይበቅሉም፤ ከፊሉ ለሌላ ዓመት ከአፈር ሥር ይቀራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በቅለው ዝናቡ ቢቋረጥ ዘሩ ከምድር ይጠፋ ነበርና። ይህን ለላስታ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲመለስ ረሃቡ ወዲያው አልተመለሰም፣ የሚዘራ ዘርና የሚጠመድ በሬ አልነበረማ።

በሚቀጥለው ሳምንት እኚያን አባት ፈልጌ ሄድሁና ከ2008 በኋላ እንዴት እንደገና እንደዘሩ ጠየቅኋቸው። ጎረቤታቸው ናቸው ያበደሯቸው፤ አንድ ቁና እየሰፈሩ፣ በአዝመራ ጊዜ ሊመለስ። በሬያቸውንም ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ ጠምደው ነው ያረሱት። ጎረቤታቸው የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው፤ ሁለቱ በሃይማኖት ነገር ብዙ ተከራክረዋል። "ከእኛ ጉባኤስ?" አልኩ። መልስ ከመስጠት ይልቅ ቡና እንድደግም ጋበዙኝ።

ወገኖቼ፣ የደከመውን ጉልበት ያጸኑት እኚያ ጎረቤት ናቸው። እኛ ግን ስለ አበባው እንዘምር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ከመባው ጋር እህል ይዘው የሚመጡ አሉ። ብዙ አይደለም፤ ባለፈው ሰኔ ሁለት ጆንያ ገብስና አንድ ጆንያ ባቄላ ሆነ። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት እኔ ሳልሆን ሦስት ገበሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማን ዘሩን እንደበላ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ጆንያ ከጉባኤያችን ውጭ ላለ ቤት ሰጡት። አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ውሳኔያቸውን አልቀየሩም።