ዋልማርት ኒውዮርክ ያልገባው ለምንድን ነው? ለመርካቶ ነጋዴስ ምን ይነግረዋል?

የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ ለዓመታት በአብዛኛው ለአገር ውስጥ ነጋዴ ተከልሎ የቆየውን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች በቅድመ ሁኔታ ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ በነጋዴው ማኅበረሰባችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ግዙፎቹ ከመጡ ትንሹ ሱቅ ምን ይውጠዋል? የብዙ ቤተሰብ ሪዝቅ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነውና በስጋት ብቻ ሊመለስ አይገባም። ግዙፍ የቅናሽ መደብሮች በተስፋፉባት አሜሪካ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ እነዚህ መደብሮች ለምን ጥቂት እንደሆኑ ብንመረምር የተሻለ መልስ እናገኛለን።

ዋልማርት በአሜሪካ ከ4,500 በላይ መደብሮች አሉት። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት ኒውዮርክ ከተማ ግን አንድም መደብር የለውም።

ብዙዎች ምክንያቱን ፖለቲካ ያደርጉታል። እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኩዊንስ ሊከፈት የታሰበው መደብር በሠራተኛ ማኅበራት፣ በአነስተኛ ነጋዴዎችና በምክር ቤት አባላት ተቃውሞ ቀረ። በብሩክሊን የተሞከረውም በ2012 ተተወ። የቺካጎ ምክር ቤት በ2006 ግዙፍ መደብሮች ከፍ ያለ ደመወዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ደንብ አጽድቆ ነበር፤ ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ ሻሩት። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተንም ምክር ቤቱ በ2013 ግዙፍ ቸርቻሪዎች በሰዓት ቢያንስ 12.50 ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። ኩባንያው ያቀዳቸውን መደብሮች እንደሚተው አስጠነቀቀ፤ ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይም ውሳኔውን ውድቅ አደረጉት።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እንመልከት። በሁለቱ ከተሞች መንገዱ ተከፍቶ ዋልማርት ገባ። ሆኖም በ2016 በዋሽንግተን፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች ሊከፍታቸው ቃል የገባቸውን ሁለት መደብሮች ሰረዘ። በ2023 ደግሞ በዚያችው ከተማ ኤች ጎዳና ላይ የነበረውን ዘጋ። በዚያው ዓመት በቺካጎ ከነበሩት 8 መደብሮች 4ቱን ዘጋ፤ በዓመት በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንደሚያከስሩት ተናግሮ። እነዚህን የዘጋቸው የሠራተኛ ማኅበር ሰልፍ አልነበረም፤ ሒሳቡ ነው።

ሒሳቡን ለመረዳት ወደ አጀማመሩ እንመለስ። ሳም ዋልተን የመጀመሪያውን ዋልማርት በ1962 የከፈቱት በአርካንሶ ግዛት፣ ሮጀርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ርካሽ ዋጋው የቆመው በርካሽ መሬት ላይ ነበር። ዛሬ የኩባንያው ትልቁ ዓይነት መደብር በአማካይ 17,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ይህ ከሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጣል። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በዙሪያው ደግሞ ሰፊ ነፃ የመኪና ማቆሚያ ይፈልጋል። ደንበኛው በመኪና መጥቶ የሳምንት አስቤዛውን ጭኖ ይሄዳል። የጭነት መኪናዎች ከመጋዘን በቀላሉ እየተመላለሱ ያራግፋሉ።

በትልቅ ከተማ መሐል ይህ ሁሉ ይገለበጣል። መሬቱ ውድ ነው። በኒውዮርክ ከቤተሰቦች መካከል መኪና ያላቸው ከግማሽ ያንሳሉ፤ ሰው የገዛውን በእጁ አንጠልጥሎ በባቡር ይሄዳል፣ ጠባብ ቤቱም ብዙ ዕቃ አያስቀምጥለትም። ሰፊ ቦታ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ የመሬት አጠቃቀም ደንቡን ማስለወጥ፣ ለዚያም የምክር ቤት ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል። ተቃዋሚዎች ጉልበት የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። ፖለቲካውም የሚገባው በመሬት በር በኩል ነው። ወደ ከተማ የገቡት የዘርፉ ኩባንያዎችም ብዙዎቹ ራሳቸውን አሳንሰው ነው የገቡት፤ ታርጌት ከ2012 ጀምሮ ለከተማ መሐል አነስ ያሉ መደብሮችን መክፈቱ ምሳሌ ነው።

ይህ ማለት ግን የግዙፎቹ አለመኖር ለሁሉም መልካም ነው ማለት አይደለም። ከአናኮስቲያ ማዶ ያሉ ነዋሪዎች በአካባቢያቸው በቂ የምግብ መደብር ስላልነበራቸው ሱፐርማርኬቱን ይጠብቁት ነበር። ለሻጩ ጥበቃ የሆነው ለገዢው ውድነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሚዛን ለዑለሞቻችን አዲስ አይደለም። በኢማሙ ማሊክ ሙወጧእ እንደተዘገበው፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በመዲና ገበያ ዘቢብ በርካሽ ይሸጥ የነበረውን ሓጢብን (ረ.ዐ) ወይ ዋጋውን እንዲጨምር ወይ ከገበያው እንዲወጣ ነግረውታል። ኢማሙ ሻፊዒይ በጠቀሱት ሌላ ዘገባ ደግሞ ዑመር ነገሩን ካሰቡበት በኋላ ወደ ሓጢብ ሄደው፣ ያሉት ፍርድ ሳይሆን ለሰዎች ጥቅም አስበው የሰጡት ሐሳብ እንደሆነ አስረድተው ነፃ አድርገውታል። ስለዚህም ዑለሞች ተለያይተዋል፤ ዋጋ የሚሰብር ነጋዴ ገበያውን ይጎዳል ያሉ አሉ፣ ርካሽ የሚሸጥን መከልከል ገዢን መበደል ነው ያሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ያየው እውነተኛ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። አብዛኛው ነዋሪያችን መኪና የለውም። ዘይት በሊትር፣ ስኳር በኪሎ ይገዛል፤ ደመወዝ እስኪደርስ ከሰፈር ባለሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ይህ የትንሹ ሱቅ ትልቅ ጋሻ ነው። በመሬት በኩል ግን ከኒውዮርክ እንለያለን። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚሰጠውም በሊዝ ነው። በኒውዮርክ በብዙ ባለቤቶች መካከል የተበጣጠሰውን ቦታ አንድ በአንድ መግዛት ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እዚህ ግን ሰፊ ቦታ በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ሊዘጋጅ ይችላል። መርካቶ ራሱ የዚህ ዓይነት ውሳኔ ውጤት ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነስቶ አሁን ወዳለበት ተዛወረ።

ስለዚህ የንግድ ሕጉን ብቻ የሚጠብቅ ነጋዴ አንዱን በር እየጠበቀ ሌላውን ክፍት ትቷል እንላለን። የከተማ ፕላን፣ የመልሶ ማልማትና የሊዝ ውሳኔ ቢያንስ የኢንቨስትመንት መመሪያውን ያህል ሊከታተለው ይገባል። በአካባቢ ልማት ላይ ውይይት ሲጠራ ነጋዴው በተደራጀ መልኩ ተገኝቶ የሱቁን ቦታ ጉዳይ ማንሳት አለበት።

ሁለተኛው ሥራ የራሳችን ነው። የግዙፎቹ ርካሽ ዋጋ ምሥጢር በብዛት መግዛትና በቅልጥፍና ማጓጓዝ ነው። 10 ባለሱቆች በሙሻረካ ተጣምረው ከፋብሪካ ወይም ከአስመጪ በአንድ ላይ ቢገዙ፣ መኪናውንም ቢጋሩ፣ ከዚያ ዋጋ የተወሰነውን ያገኛሉ። ሦስተኛው አማና ነው። ዕቃ ሲጠፋ የሚያከማች፣ ሚዛን የሚያጎድል ባለሱቅ ነገ ግዙፉ መደብር ሲከፈት "እኔን ጠብቁኝ" ቢል ሰሚ አያገኝም። ደንበኛው የሚቆመው በክፉ ቀን ከጎኑ ለቆመ ባለሱቅ ነው።

አላህ ንግዳችንን በበረካ ይሙላልን። ወላሁ አዕለም።