ክራክ የተደረገ ዘበኛ

 

ለእረፍት አዲሎ ስንገባ «ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል፣ እስቲ እዩልን» መባል ለምደናል። ብዙዎቻችንም ከፍላሽ አውጥተን ክራክ የተደረገ ካስፐርስኪ እንጭናለን። ይህ ልማድ ይብቃን እንላለን።

አንደኛ፣ ክራኩ እንዲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ያለውን ጥበቃ አጥፉ ይላል። ማን እንደነካካው የማናውቀውን ፋይል በር ከፍተን ማስገባት ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ አፕዴቱ ይቋረጣል፤ አዲስ ቫይረስ ቢመጣ አያውቀውም። ሦስተኛ፣ የሰው ልፋት ነው። «ኩባንያው ሀብታም ነው» ማለት ሐቁን ሐላል አያደርግልንም።

ታዲያ ምን እንምረጥ? ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደርን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዘው ይመጣሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ቢያበቃም፣ የዲፌንደር የቫይረስ መለያ አፕዴት እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አሳውቋል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ስለሚጠፋ፣ ክራኩን ካስወገድን በኋላ መብራቱን እናረጋግጥ። ቤት ኢንተርኔት ከሌለ አፕዴቱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በካምፓስ ዋይፋይ አውርደን በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ማንኛውም ፍላሽ ግን ሳይከፈት ስካን ይደረግ።

«ዊንዶውሱ ራሱ ክራክ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጽሑፍና ለጥናት ብቻ ከሆነ ነጻው ኡቡንቱ ይበቃል።

የአባት የሱቅ ሒሳብ፣ የታናናሾቻችን ፎቶና ማስታወሻ እዚያ ውስጥ ነው። ቤተሰብ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ሲሰጠን አማና ሰጥቶናል። በአማናው እንገኝ።