ዕጣ የወጣለት ሰው ዕዳ አለበት

በካናዳ አገር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ በዮሆ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኦሃራ የሚባል ሐይቅ አለ። ከበላዩ ያሉት የበረዶ ግግሮች ዓለቱን እየፈጩ የሚያወርዱት እንደ ዱቄት የላመ ደለል ከውሃው ጋር ስለሚቀላቀል፣ የሐይቁ መልክ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ሆኖ ያበራል። በአጠገቡ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚመኘው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ የተዘጋጀው የድንኳን ቦታ ግን 30 ብቻ ነው። ፈላጊው ብዙ፣ ያለው ጥቂት ሲሆን ለማን ይሰጥ? ይህ ጥያቄ በየገበያው የሚነሣ ስለሆነ፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢነገር ያለ ቦታው አይሆንም።

ነጋዴ የሆነ ሰው ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «ዋጋው ይጨመር» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሸቀጥ እውነት ነው፤ የጎደለው ዕቃ ሲወደድ ሌላው ነጋዴ ተሽቀዳድሞ ያመጣዋልና ገበያው ይሞላል። ሐይቅን ግን ማንም አስመጪ አስመጥቶ ሊጨምረው አይችልም። ዋጋው ቢወደድ ቦታው ሳይበዛ የሚገባው ሰው ብቻ ይለወጣል፤ የሕዝብ የሆነውም ሀብት የባለጸጎች ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የፓርኩ አስተዳደር ሌላ መንገድ መርጧል። ወደ ሐይቁ የሚወስደው የ11 ኪሎ ሜትር መንገድ ለግል መኪና ዝግ ሆኖ አውቶቡስ ብቻ ይመላለስበታል። ውለው ለሚመለሱ ጎብኝዎች የአውቶቡሱ ወንበር የሚታደለው በዕጣ ነው። የድንኳኑም ቦታ በኢንተርኔት ሲያዝ፣ መዝገቡ በሚከፈትበት ቀን ከሰዓቱ አስቀድመው ገብተው የሚጠባበቁት ሁሉ ወረፋቸው የሚደለደለው እንደ ዕጣ ነው። በእግሩ ወጥቶ በዚያው ቀን ለመመለስ የቈረጠን ሰው ግን የሚከለክለው የለም።

አንዳንድ ሰዎች «ዕጣ ዕውር ነው፤ ለተጋውም ለሰነፉም እኩል ይሰጣል» እያሉ ይነቅፉታል። ዕውርነቱ ግን መልካምነቱ ነው። ዕጣ ዘመድ አያይም፤ ጉቦም አይቀበልም። ይህንንም ከኛ ነጋዴዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ሱቅ የተከፈተው በዕቁብ ገንዘብ ነውና።

ሆኖም ዕቁብን ዕቁብ ያሰኘው ዕጣው ብቻ አይደለም። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ሳያስታጕል ይከፍላል። ዕድሉ ሲደርሰው ግዴታው ይጠነክራል እንጂ አያልቅም። የድንኳኑ ቦታ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ በዕቁብ ሁሉም በየተራው ይደርሰዋል፣ በሐይቁ ዳር ግን ለብዙዎች ተራው ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። እንግዲህ ቦታ አስይዞ ሳይመጣ፣ እንደማይመጣም ሳያስታውቅ የሚቀር ሰው ያጠፋው የራሱን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሊያድርበት ይችል የነበረውን ሌሊት ባዶ አስቀርቷል። «ከፍያለሁና የኔ ነው» የሚለው ክርክር አያድነውም፤ የከፈለው ሊያድርበት እንጂ ሊዘጋው አይደለምና።

በእኔ አስተያየት የሚበጀው ሥርዓት ይህ ነው። ቀደም ብሎ ለሚያስታውቅ ሰው አብዛኛው ገንዘብ ይመለስለት፤ የተለቀቀውም ቦታ ወዲያው ለተጠባባቂ ይሰጥ። ሳያስታውቅ የቀረ ግን ገንዘቡን ከማጣቱ በላይ ለሚቀጥለው ዓመት ከዕጣው ይውጣ።

ይህ ነገር በእኛም ዘንድ የራቀ አይደለም። የሆቴል ክፍል አስይዞ የሚቀር፣ በጭነት መኪና ላይ ቦታ ይዞ ዕቃውን የማያቀርብ፣ ሸቀጥ አዝዞ ሳያነሣ ዝም የሚል ደንበኛ በየንግድ ቤቱ ይታወቃል። ቀብድ የሻጩን ኪሳራ በከፊል ይሸፍን ይሆናል፤ ባዶ እጁን ለተመለሰው ለሌላው ገዢ ግን የሚክሰው የለም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በስማችን ያስያዝነውን ነገር የማንፈልገው መሆኑን ባወቅንበት ቀን እናስታውቅ። ዋጋው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ ትርፉ ግን መታመን ነው።