ሙግት፦ የማርከስ ሚለር ስም ያለበት ቤዝ ለባሌ ተጫዋች ይበጃል?

በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ቤዝ ጊታር የሚያፈላልግ ሰው፣ ሮቤም ይኑር ቶኪዮ፣ የማርከስ ሚለር ስም ሳይነሣበት አይቀርም። አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን የማይልስ ዴቪስን «ቱቱ» አልበም አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሰ ሰው ነው። ሳየር የተባለው የኮሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 «ቪ7» የተሰኘ ሞዴል በስሙ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የሚሠራው ኢንዶኔዥያ ሲሆን ሲወጣ ዋጋው ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር። ባለቤቶቹ ያመሰግኑታልም፣ ያማርሩበታልም። ሁለት ጸሐፊዎች ነገሩን ወደ ባሌ አምጥተው ይሟገቱበታል፦ አንድ የሮቤ ወይም የጎባ ወጣት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይህን ስም በያዘ መሣሪያ ላይ ቢያውል ልክ ነው?

ደጋፊው፦ ስሙ ሥራ ይሠራል

ባለስም መሣሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የታዋቂ ሰው ፎቶ የተለጠፈበት ሸሚዝ ነው። እንዲህ ያሉ ጊታሮች በእርግጥ ሞልተዋል። ቀለማቸው ተቀይሮ አናታቸው ላይ ፊርማ ይታተምና ዋጋቸው ይሰቀላል። ቪ7 ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም።

ሚለር እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራ የፌንደር ጃዝ ቤዝ ነበረው። ኒውዮርክ የሚገኘው የጊታር ሠሪ ሮጀር ሳዶውስኪ ውስጡ ድምፁን ቀድሞ የሚያጎለብት ፕሪአምፕ ገጠመለት፤ ከዚያ ወዲህ ያ መሣሪያ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ሲዞር ኖረ። ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ቤዝ መሠረት ያደረገ ባለስም ሞዴል ጃፓን አሠርቶ ሸጧል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ የሚቀመስ አልነበረም። ሳየር ያንኑ ሐሳብ አውርዶ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ደጅ አደረሰው። እዚህ ላይ ስሙ ጌጥ ብቻ አይደለም። የትኛው ድምፅ እንደተፈለገ ገና ከመነሻው ወስኗል።

ቁልፎቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ባለሁለት ፎቅ ነው፦ ላይኛው መጠኑን፣ ታችኛው ቶኑን ይይዛል። ሁለተኛው በሁለቱ ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት በሚይዙት ማግኔቶች) መካከል ያመዛዝናል። ከዚያ ቀጭኑን ድምፅ የሚያዘው ይመጣል። ቀጥሎ ያለው የመካከለኛው ድምፅ ቁልፍ እንደገና ባለሁለት ፎቅ ነው፤ አንዱ ፎቅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ሌላው የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው የትኛው ከፍታ እንደሆነ ይመርጣል። መጨረሻው የወፍራሙ ነው። አጠገባቸው ያለችው ትንሽ ማብሪያ ፕሪአምፑን ከነጭራሹ ታጠፋዋለች።

ይህ ሁሉ ለሮቤ ምኑ ነው? ብዙ ነው። አብዛኛው የሠርግም ሆነ የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የድምፁ ሞገድ ርዝመትም 8 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ጠባብና ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲለቀቅ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ይከማቻል፤ ዜማው ይጠፋና ጉምጉምታው ብቻ ይቀራል። (የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው ማስተጋባት ምን እንደሆነ ያውቃል።) ተጫዋቹ የራሱ አምፕሊፋየር በሌለበት፣ ከኪቦርዱና ከዘፋኙ ጋር አንድ ሚክሰር ላይ በሚሰካበት ቦታ፣ ድምፁን በእጁ ማረም መቻሉ ቅንጦት አይባልም። በዚያ ላይ ፕሪአምፕ ያለው ቤዝ ረጅም ገመድ ላይ ድምፁ አይደክምም።

ባለቤቶቹ ደጋግመው ከሚያነሡት ምስጋና አንዱ አንገቱ ነው። በተለይ የኋለኞቹ ምርቶች የጣት ሰሌዳቸው ጠርዝ ተሞርዶ ስለሚመጣ፣ አዲሱ መሣሪያ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ለዓመታት እጅ የለመደው ይመስላል። ክብደቱን ያማርራሉ፤ እውነት ነው፣ በተለይ አካሉ ከአሽ እንጨት የተሠራው ከብድ ይላል። ሰፋ ያለ ማንጠልጠያ መግዛት ነው።

ተቃዋሚው፦ ስሙ የሌላ ሰው ነው

ደጋፊው ክብደቱን በማንጠልጠያ ገላግሎታል። ጎባ ላይ ሌሊቱን የሚዘልቅ ሠርግ ቆሞ የሚጫወት ሰው ትከሻ ግን በዚህ አይታለልም።

ከክብደቱ ይልቅ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነው። የማርከስ ሚለር ድምፅ በአመዛኙ የአውራ ጣት ድምፅ ነው። ክሩ ይመታል፣ ይጎተታል፣ እንደ ብረት ይጮኻል። ለሚለር ሙዚቃ ግሩም ነው። ጭክጭካ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ከበሮው ስድስት ምት ሲረግጥ ቤዙ መሬቱን ይይዛል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ዘፋኙን ከሥር ይሸከማል። የኦሮምኛ ዘፈን ላይም ተጫዋችና ጨፋሪ የሚፈልጉት ወፍራሙንና ክቡን ድምፅ ነው። የዋልያስ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች መላከ ገብሬንና ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የተጫወተውን ጆቫኒ ሪኮን ያዳመጠ ይህን ያውቃል። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» መስማት ይበቃል። ቤዙ አጭር ሐረግ ይይዛል፣ አይለቅም፣ አይሽቀዳደምም። የጀግንነቱ ቦታ እዚያ አለመልቀቁ ላይ ነው። በእነዚህ ሰዎች ስም የተሠራ ቤዝ የትም ሱቅ ተሰቅሎ አይታይም።

ዓለምን ብናይም ያው ነው። «ሞታውን» የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጀመርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ ተራ ፕሪሲዥን ቤዝ ነበረው። ክሩ ልሙጥ ነበር፣ ካልተበጠሰ አይቀይረውም፣ በአንድ ጣት ነበር የሚጫወተው። አንድ የድምፅ ቁልፍ፣ አንድ የቶን ቁልፍ፤ ባትሪ የሚባል ነገር የለም። የዚያ ሰው ድምፅ በግማሹ ዓለም ሬዲዮ ተሰማ። ጀማሪ የሚያስፈልገው ሁለት ቁልፍና ብዙ ልምምድ ነው። ሰባት ነገር የሚያዝ መሣሪያ የሰጡት ወጣት አዳራሹ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ሲያሽከረክር ዘፈኑ ያልቃል።

ባትሪውም አለ። ፕሪአምፑ የሚሠራው በባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ ነው፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ አይደለም፣ ከየሱቁ ደጃፍ አይነሣም። መሐል ዘፈን ላይ ሲደክም ድምፁ መጀመሪያ ይሻክራል፣ ከዚያ ይከዳል። ክርም እንዲሁ ነው፤ ደህና የቤዝ ክር የፈለገ ሰው 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወዳለችው አዲስ አበባ ይልካል።

ዋጋው ከላይ የተነገረው በዶላር ነው። በብር እንናገር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት 500 ዶላር በባንክ ዋጋ 29 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ያውም ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ተራ ጃዝ ቤዝ ቅጂ፣ አነስተኛ አምፕሊፋየርና ከአስተማሪ ጋር የሚያልፉ ወራት ይገኛሉ። የሰው ስም ለመሸከም ይህን ሁሉ መተው ለምን?

ደጋፊው መልስ ሲሰጥ

የአይቤክስና የዋልያስ ልጆች የአሜሪካ ሶል ሙዚቃ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ጊታሩም ኦርጋኑም ከውጭ የመጣ ነው፤ ከየት መጣህ ብሎ የጠየቀው የለም። ጣታቸው ሐበሻ ስለነበር ድምፁ ሐበሻ ሆነ። ቪ7 ላይ ያለው የሚለር ስምም ተጫዋቹን በአውራ ጣት ምታ ብሎ አያስገድደውም። ልሙጥ ክር ይታሰር፣ ማብሪያዋ ትጥፋ፣ ቶኑ ይውረድ፣ የአንገቱ ፒክአፕ ብቻ ይቅር፤ ተቃዋሚው የናፈቀው ክብ ድምፅ እዚያው አለ። ባትሪው ቢያልቅም በዚያችው ማብሪያ ሠርጉ ይጠናቀቃል።

ጀማሪ ርካሽ መሣሪያ ይበቃዋል የሚለው ምክር ደግሞ ብዙ ተጫዋች ያስቀረ ምክር ነው። ክሩ ከሰሌዳው የራቀ፣ የብረቶቹ ጫፍ መዳፍ የሚቦጭር፣ ቅኝቱ የማይጸና መሣሪያ የያዘ ልጅ ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ወደ ኪቦርድ ይሄዳል። ያለዚያም ኪቦርዱ ቤዙን ከበላው ቆይቷል። በየሠርጉ የአንድ ሰው ግራ እጅ የቤዝ ተጫዋቹን ቦታ ይዟል። ጥሩ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ይህን ቦታ አያስመልስም።

ተቃዋሚው፣ ለመዝጊያ

ስለ ኪቦርዱ የተባለው እውነት ነው፤ የሚከራከርበት የለም። ስለ ማብሪያዋ ግን ደጋፊው ራሱን አሸንፏል። ፕሪአምፑ ጠፍቶ፣ ክሩ ተለውጦ፣ አንዱ ፒክአፕ ዝም ብሎ የሚቀረው ተራ ጃዝ ቤዝ ነው። ጃዝ ቤዝ ደግሞ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው፣ ዛሬ ቅጂው በየዋጋው የሚገኝ መሣሪያ ነው። የማይበራ ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ እንዴት ነው?

ሆኖም ልጁ ቆርጦ ከተነሣ አንድ ነገር ይስማ። ሱቁ ውስጥ ቁልፎቹን ማሽከርከር ይተውና መሣሪያውን ከአናቱ ይዞ በአንድ ዓይኑ አንገቱን ቁልቁል ይይ። ጠምሞ ከሆነ አንገቱ ውስጥ ያለው ብረት በመፍቻ ሩብ ዙር እየተባለ ይስተካከላል። ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ደረቅና እርጥብ አየር ሲፈራረቅ እንጨት ይንቀሳቀሳል። የሮቤ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሶፍ ዑመር ሲወረድ ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል፣ አየሩም ይለወጣል። ስለዚህ መፍቻው ከካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሳያይ ገንዘቡን አይቁጠር።