ማሳሰቢያ፦ ለጅማና ለአካባቢው የቡና ከተሞች ባለተሽከርካሪዎች

ቀይ ቡና መለቀም ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ጀንፈሉ ደርቆ እስኪሰበሰብ ድረስ በጅማ ዙሪያ ተሽከርካሪ አያርፍም። አይሱዙው ከጌራና ከሊሙ ይጭናል፣ ባጃጁ ለቃሚ ያመላልሳል፣ ሞተር ሳይክሉ ገንዘብ የያዘ ሰብሳቢ ተሸክሞ አይሱዙ የማይደርስበት ቀበሌ ይገባል። ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ሁሉም ይቸኩላል። ለሌባ ከዚህ የተመቸ ወቅት የለም።

መኪና ተሰረቀ ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው በሌሊት አጥር ዘሎ ወደሚገባው ሰው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በገዛ እጃችን የምንሰጠው ቁልፍ ነው። ላቫጆ ላይ ቁልፉን ከነመኪናው ጥለን ቁርስ እንበላለን። ጋራዥ አሳድረን የቤቱን ቁልፍ ሳይቀር በአንድ ማንጠልጠያ እንተዋለን። ረዳቱ ትናንት የተቀጠረ፣ አገሩንም ቤተሰቡንም የማናውቀው ልጅ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ለማስቀረጽ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሌባው የሚመጣው ደግሞ ነገሩን ከረሳነው በኋላ ነው። ስለዚህ የመኪናውን ቁልፍ ከሌላው ለዩ፣ መኪናው ሲታጠብ አጠገቡ ቁሙ፣ ለሾፌርም ለረዳትም የታወቀ ተያዥ ሳትይዙ ሥራ አታስጀምሩ። በቡና ወቅት ሾፌር ይጠፋል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ባጃጅ ያለ ተያዥ ከማስረከብ አንድ ቀን ቢቆም ይሻላል።

በመንገዳችን ላይ የሚበዙት አሮጌ ቶዮታዎች፣ ዲኤክሱን ጨምሮ፣ ቁልፋቸው ቺፕ የለውም። መቆለፊያቸው ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ስለሚላላ የሌላ መኪና ቁልፍ ሊያዞረው ይችላል። ለእነዚህ የመሪ መቆለፊያ ግዙ፤ የጋራዥ ኤሌክትሪሻንም የሞተሩን የማቀጣጠያ ኮረንቲ የሚያቋርጥ ስውር ማጥፊያ ያስገባላችኋል። አሮጌ ናፍጣ መኪና ግን በዚህ አይመለስም። ቁልቁለት ላይ የቆመ እንደሆነ ያለ ሞተሪኖ ተንደርድሮ ይነሳል፣ ሞተሩም ለማቀጣጠል ኮረንቲ አይፈልግም። ለእሱ የነዳጅ መስመሩን የሚዘጋ መዝጊያ አስገጥሙለት፤ ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፤ ቡና ጭኖ የሚያድር ከሆነም ጥበቃ ባለበት ግቢ ብቻ ይደር። ባጃጅና ሞተር ሳይክል በሰው ጉልበት ተገፍተው ይሄዳሉ፤ ጎማቸውን በወፍራም ሰንሰለት ከማይነቀል ነገር ጋር እሰሩ።

የኮንትራት ሾፌሮች ሆይ፣ ይህ ለሕይወታችሁ ነው። በአዲስ አበባ ተሳፋሪ መስለው በገቡ ሰዎች የተገደሉና መኪናቸው የተወሰደ ሾፌሮች አሉ። ማታ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ አድርሰን የሚላችሁ የማታውቁት ሰው ሲመጣ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱና ማንን እንደያዛችሁ ለተራ አስከባሪው ወይም ለባልደረባችሁ ንገሩ፤ ተሳፋሪውም ስትናገሩ ይስማ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንጨምር ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ስለት ወይም መሣሪያ ከወጣ ግን ቁልፉን ስጡ። መኪና ይተካል።

ሊብሬውን መኪናው ውስጥ አታስቀምጡ። ሌባ መኪናውን ከነሊብሬው ካገኘ ኬላ ላይ የሚያሳየው፣ ገዢ ፊት የሚዘረጋው ወረቀት አገኘ ማለት ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ የሚተማመንም ውሉን ደግሞ ያንብብ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ሁሉም ባለተሽከርካሪ የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ የራስን መኪና ስርቆት አይሸፍንም። ለስርቆት ሌላ ውል ያስፈልጋል።

መኪናው ከጠፋ በየጋራዡ ስንጠይቅ፣ ዘመድ ስንሰበስብ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ቦንጋ መንገድ ይወጣል፤ አጋሮ ደግሞ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፣ ዘመድ ኋላ ይጠራል። ፖሊስም ሰሌዳውን ብቻ ይዞ ብዙ ሊረዳችሁ አይችልም፤ ሰሌዳ ይቀየራል። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያስፈልገዋል።

በርካሽ የሚሸጥ ባጃጅ ወይም ሞተር ያገኛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ ዕቃ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተቻለው የገዛን፣ የደበቀን፣ በመያዣ የተቀበለን ሁሉ ይቀጣል። ሻንሲው ተፍቆ ካያችሁ፣ ሻጩ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አብሯችሁ ለመሄድ ካንገራገረ፣ ቀብድ አትክፈሉ። የተሰረቀ ባጃጅ ገዢ ባያገኝ ኖሮ የሚሰርቀው ባልኖረ።

ዛሬ ማታ ተሽከርካሪያችሁ ዘንድ ሂዱና የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለቤተሰብም ላኩት። የቅርባችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክም አብራችሁ መዝግቡ።